የወታደሩ መሬት፦ የሮም ሪፐብሊክ እንዴት በቄሣሮች እጅ ገባ



አውግስጦስ ቄሣርን በስም የማያውቅ ከመካከላችን የለም። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ላይ የሕዝብ ቆጠራውን ያዘዘው እርሱ ነው፤ የልደት በዓል በመጣ ቁጥር ስሙ ይነበባል። እኛ ዘንድ የደረሰው ትእዛዙ ከዳር እስከ ዳር የሚፈጸምለት ንጉሠ ነገሥት ሆኖ ነው። በገዛ ከተማው ግን ንጉሥ ተብሎ አያውቅም። እርሱ በገዛበት ዘመን ሁሉ ቆንሱሎች እንደ ጥንቱ በየዓመቱ ይመረጡ፣ ሴኔቱም ይሰበሰብ ነበር፤ የሕዝብ ጠበቆች የሚባሉት ትሪቡኖችም ወንበራቸው አልተነካም። ሪፐብሊኩ ፈርሷል የሚል አዋጅ አልወጣም። ይህ ነው የፈረሰበት ቀን ተብሎ የሚጠቀስ ቀንም የለም።

ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚተረከው በታላላቅ ሰዎች ምኞት ነው፦ ዩልዮስ ቄሣር ሥልጣን ተመኘ፣ ብሩቱስና ጓደኞቹ ገደሉት፣ ኋላ አውግስጦስ የተባለው ኦክታቪያን ወረሰው። ውሸት አይደለም። ነገር ግን ሥልጣን የሚመኙ ሰዎች በሮም ጠፍተው አያውቁም፤ ወደ አራት መቶ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ግን አንዳቸውም ሥርዓቱን መገልበጥ አልሆነላቸውም። እኔ የማምነው ነገሩን የለወጠው አንድ መልስ ያጣ ጥያቄ መሆኑን ነው፦ ጦርነቱ ሲያበቃ ወታደሩ የት ይግባ? መሬት ማን ይስጠው? ሴኔቱ ይህን ጥያቄ ከመቶ ዓመት በላይ ሲገፋው ኖረ። መልስ የሰጡት የጦር አዛዦች ናቸው።

ከመቀጠሌ በፊት፣ የምጠራቸው ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ ሌላ ካላልኩ በቀር ሁሉም ከክርስቶስ ልደት በፊት ያሉ ናቸው።

ሥርዓቱ የተሠራው አንድ ሰው ብቻውን እንዳይገዛ ታስቦ ነው። ሮማውያን እንደሚተርኩት በ509 የመጨረሻውን ንጉሣቸውን ታርኲንን አባረሩና ሥልጣኑን ለሁለት ቆንሱሎች አካፈሉት። ሁለቱ እኩል ናቸው፤ አንዱ ያዘዘውን ሌላው ያግደዋል፤ ዓመቱ ሲሞላ ሁለቱም ይወርዳሉ። አሥሩ ትሪቡኖች ደግሞ ተራውን ሕዝብ ከባለሥልጣን በደል እንዲጠብቁ የሚመረጡ ነበሩ። አንድ ትሪቡን «ይቁም» ካለ ሕግም ሆነ ትእዛዝ ይቆማል፤ በእርሱ ላይ እጁን የሚያነሣ በአማልክት ፊት የተረገመ ነው። ክፉ ቀን ሲመጣ ዲክታተር ይሾማል፤ እርሱም ቢበዛ ለስድስት ወር። ሴኔቱ በሕግ አማካሪ ብቻ ነበር፤ ግን የቀድሞ ሹማምንት ዕድሜ ልካቸውን የሚቀመጡበት ሸንጎ ስለሆነ ምክሩን ደፍሮ የሚገፋ አልነበረም።

ይህ ሁሉ ቆሞ የሚሄደው አንድ ነገር ሲሟላ ነው፤ ያም ጦሩና ሕዝቡ አንድ ሲሆኑ። በጥንቱ ሥርዓት ወታደር የሚሆነው ይዞታ ያለው ገበሬ ነበር። የራሱን ጋሻና ጦር ይዞ ይዘምታል፤ ሲመለስ እርሻው ይጠብቀዋል። እንዲህ ያለ ሰው አዛዡ በገዛ ከተማው ላይ ዝመት ቢለው የሚያጣው አለው፤ አዛዡም የሚሰጠው ምንም የለውም።

በሁለተኛው መቶ ዓመት ይህ ተናጋ። ጦርነቱ ከኢጣልያ ወጥቶ ወደ እስፔን፣ ወደ መቄዶንያ፣ ወደ አፍሪካ ሄደ። በ146 ሮማውያን ካርቴጅንና ቆሮንቶስን በአንድ ዓመት አወደሙ። እስፔን የተላከ ገበሬ አምስት ስድስት ዓመት ሳይመለስ ይቆያል። ሀብቱ ግን እንደ ጎርፍ ይገባ ነበር። ከመቄዶንያ ድል በኋላ፣ ከ167 ጀምሮ፣ በኢጣልያ ያሉ የሮም ዜጎች ቀጥተኛ ግብር መክፈል አቆሙ። በዚያው ዓመት ከኤጲሮስ ብቻ 150,000 ሰው ተማርኮ ለባርነት እንደተሸጠ የጥንት ጸሐፍት ጽፈዋል። ሀብታሙ መሬት ይገዛል፤ የመንግሥቱንም መሬት እያጠረ ይይዛል፤ በባሪያ ያሳርሳል። ከጦር ሜዳ የተመለሰው ገበሬ ራሱን ባለ ዕዳ ሆኖ ያገኘዋል።

በ133 ትሪቡን የሆነው ጢባርዮስ ግራኩስ ከትልቅ ቤተሰብ የተወለደ ሰው ነበር፤ የእናቱ አባት ሐኒባልን ያሸነፈው ስኪፒዮ ነው። ወደ እስፔን ሲዘምት በኤትሩሪያ በኩል አልፎ፣ ገበሬ የሌለበት፣ የባዕድ አገር ባሪያዎች ብቻ የሚያርሱትና ከብት የሚጠብቁበት አገር እንዳየ ወንድሙ ጽፏል። ያቀረበው ሕግ አዲስ አልነበረም። ከመንግሥት መሬት አንድ ሰው እንዲይዝ የተፈቀደለት 500 ዩጌራ፣ በእኛ ልክ ሦስት ጋሻ ያህል፣ ነውና ትርፉ ተመልሶ ለድሆች ይከፋፈል አለ። ኦክታቪየስ የሚባል ሌላ ትሪቡን በባለ ይዞታዎቹ ግፊት «ይቁም» አለ። ጢባርዮስ ለመነው፤ አልሆነም። ስለዚህ ሕዝቡን ሰብስቦ ኦክታቪየስን በድምፅ አወረደው። ይህ ከዚያ በፊት ተደርጎ አያውቅም። ቀጥሎ ለሁለተኛ ጊዜ ልመረጥ ሲል ጠላቶቹ ንጉሥ ሊሆን ነው አሉ።

የሆነውን የጥንቱ ጸሐፊ ፕሉታርክ በዝርዝር ጽፎታል። ሴኔቱ ተሰብስቦ ሳለ ቆንሱሉ ያለ ፍርድ ማንንም አልገድልም ብሎ እምቢ አለ። ያን ጊዜ ሊቀ ካህናቱ ስኪፒዮ ናሲካ ተነሥቶ፣ ቆንሱሉ ከተማዋን ከድቷልና ሕጉን ማዳን የሚፈልግ ይከተለኝ አለ፤ የልብሱንም ጫፍ በራሱ ላይ ጣል አድርጎ ወጣ። ሴናተሮቹ ተከተሉት። የተሰባበረ የወንበር እግር እያነሡ፣ ሎሌዎቻቸውም ዱላ ይዘው፣ ሕዝቡን እየደበደቡ ገቡ። ጢባርዮስንና ከ300 በላይ ሰዎችን ገደሉ። ሁሉም የሞቱት በዱላና በድንጋይ ነው፤ በሰይፍ የሞተ አንድም የለም። ሬሳውን ሌሊት ቲቤር ወንዝ ውስጥ ጣሉት።

ጢባርዮስ ሕግ አልጣሰም አልልም። የባልደረባውን «ይቁም» በድምፅ ብዛት መሻር አደገኛ በር መክፈት ነበር። ግን ዱላ መጀመሪያ ያነሣው ማን እንደሆነ አንዘንጋ። ሕግ አስከባሪ ነን ያሉት ናቸው። በአካሉ ላይ እጅ የማይነሣበትን ሰው፣ በሊቀ ካህናቱ መሪነት፣ በቀትር ገደሉት። ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ121፣ ወንድሙ ጋይዮስም እንዲሁ ተገደለ፤ ፕሉታርክ 3,000 ተከታዮቹ አብረው እንደሞቱ ጽፏል። ያስገደላቸው ቆንሱል ኦፒሚየስ በዚያው ሰሞን የስምምነት ቤተ መቅደስ አሠራ።

የመሬቱ ጥያቄ ግን አልሞተም፤ ወደ ጦሩ ገባ። በ107 ቆንሱል የሆነው ማሪየስ ከሰሜን አፍሪካው ንጉሥ ከዩጉርታ ጋር ለመዋጋት ሰው ቸገረው። የይዞታ መመዘኛው ከዚያ በፊትም እየወረደ መጥቶ ነበር፤ እርሱ ጨርሶ ተወውና ምንም የሌላቸውን በፈቃደኝነት መዘገበ። ሠራዊቱ ጎበዝ ሆነ። ኋላም ከሰሜን የመጡትን ቴውቶኖችንና ኪምብሪዎችን በ102 እና በ101 ደመሰሰ። ግን እነዚህ ሰዎች ሲሰናበቱ የሚመለሱበት እርሻ የላቸውም። መንግሥቱም ጡረታ የሚባል አያውቅም። ለወታደሮቹ መሬት ያስገኘው ማሪየስ ነው፤ ያስገኘውም ሳተርኒነስ ከተባለ ትሪቡን ጋር አብሮ ነው። በ103 በወጣው ሕግ ለእያንዳንዱ በአፍሪካ 100 ዩጌራ ተፈቀደ። ሳተርኒነስ ከሦስት ዓመት በኋላ በሴኔቱ አዳራሽ ውስጥ ታስሮ ሳለ፣ ጠላቶቹ ጣሪያ ላይ ወጥተው፣ የጣሪያውን ሸክላ እየነቀሉ ወግረው ገደሉት። ወታደሩ ከዚህ የተማረው ግልጽ ነው። መሬት የሚሰጠው አዛዡ ነው፤ የሚከለክለው ሴኔቱ ነው።

በ88 ትምህርቱ ፍሬ አፈራ። ሱላ ቆንሱል ሆኖ በጶንጦስ ንጉሥ በሚትሪዳጥስ ላይ እንዲዘምት ታዝዞ፣ በኖላ ከስድስት ሌጌዎን ጋር ሳለ፣ ማሪየስ በሕዝብ ድምፅ አዛዥነቱን ለራሱ አስወሰነ። ሱላ ወታደሮቹን ሰብስቦ ይህን ነገራቸው። የምሥራቁ ዘመቻ ምርኮ የበዛበት ነው፤ ማሪየስ ከመጣ ሌላ ሠራዊት ይዞ ይሄዳል፤ እነርሱ ይቀራሉ። ሠራዊቱን ሊረከቡ የተላኩትን መኮንኖች ወታደሮቹ በድንጋይ ወግረው ገደሉና ወደ ሮም ምራን አሉት። ከሱላ መኮንኖች ከአንዱ በቀር ሁሉም ትተውት ሄዱ። መኮንኖቹ መሬት ነበራቸው፤ በገዛ አገር ላይ መዝመት ነውር መሰላቸው። ተራው ወታደር ግን አልተወውም። የሮም ሠራዊት ሮምን የያዘው ያን ጊዜ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊት አልታየም። ቄሣር በሮም ላይ ከመዝመቱ 39 ዓመት በፊት መሆኑን ልብ በሉ።

ሱላ ከምሥራቅ ተመልሶ በ82 ዲክታተር ሆነ። ጊዜ ያልተወሰነለት ዲክታተር ነበር። ሊገደሉ የሚገባቸውን ሰዎች ስም በሰሌዳ እያስጻፈ በአደባባይ ለጠፈ፤ የተጻፈውን ሰው ራስ ቆርጦ ያመጣ ይሸለማል፣ የሟቹ ንብረት ይወረሳል፣ ልጆቹ ሹመት አያገኙም። የተወረሰውን መሬት ለወታደሮቹ አከፋፈለ። ሱላ ይህን ያደረገው የሴኔቱን የበላይነት ለመመለስ ነበር፤ ትሪቡኖቹን አዳከመ፣ ሴኔቱን አበዛ፣ ከዚያም ሥልጣኑን በፈቃዱ ለቅቆ በ78 ሞተ። ያወጣቸው ሕጎች በአሥር ዓመት ውስጥ ተነቃቀሉ። ሳይነቀል የቀረው በጦር ኃይል ሥልጣን የመያዝ አብነቱ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ክፍለ ሀገሮቹ ጥቂት ልበል፤ ሪፐብሊኩን ስናወድስ እነርሱን መርሳት ይቀናናልና። ለሲሲሊና ለእስያ ሰው የሮም ነፃነት ማለት በየዓመቱ አዲስ የተራበ ገዥ ማለት ነበር። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው የአገራችን አባባል ለእነርሱ የተተረተ ይመስላል። ገዥው ለምርጫ የተበደረውን ይከፍላል፣ ለቀጣዩ ምርጫ ያከማቻል፣ ቢከሰስ ደግሞ ዳኛ የሚያባብልበት ይይዛል። ቬረስ ሲሲሊን ለሦስት ዓመት መዝብሮ በ70 ተናጋሪው ሲሴሮ ፍርድ ቤት ያቆመው ሲሲሊያውያን እድለኛ ሆነው ነው። በእስያ ግብር የሚሰበስቡት በጨረታ ያሸነፉ ቀራጮች ነበሩ። በ88 ሚትሪዳጥስ በአንድ ቀን ሮማውያንንና ኢጣልያውያንን ግደሉ ብሎ ሲያዝ፣ የጥንት ጸሐፍት 80,000 ያደርሱታል፣ የከተሞቹ ሕዝብ ታዘዘው። ኋላ የአንድ ሰው አገዛዝ ሲመጣ ከሮም ውጭ ያለቀሰ አለመኖሩ አያስገርምም።

አሁን የታሪኩ ዋና ቦታ ነው ወደምለው እመጣለሁ። እርሱም የ62 ዓመት መጨረሻ ነው። ፖምፔ በባሕር ወንበዴዎችና በሚትሪዳጥስ ላይ በልዩ ሕግ የተሰጠውን ሥልጣን ይዞ ምሥራቁን አስገብሮ ተመለሰ። በብሩንዲዚየም ወደብ ሲወርድ ሮም በጭንቀት ተውጣ ነበር። ሁሉም ሁለተኛ ሱላ መጣ ብሎ ጠበቀ። ፖምፔ ግን ሠራዊቱን እዚያው አሰናበተ። ወደየቤታችሁ ሂዱ ብሎ በጥቂት ሰው ታጅቦ ወደ ከተማው ገባ። ሕግ አክባሪ አዛዥ ከዚህ የበለጠ ምን ያድርግ?

የጠየቀው ሁለት ነገር ነው፦ በምሥራቅ የሠራው ሥርዓት እንዲጸድቅለትና ለወታደሮቹ መሬት እንዲሰጥ። ገንዘቡ ነበር፤ እርሱ ራሱ ለመንግሥቱ ግምጃ ቤት 20,000 መክሊት አስገብቷል። ሴኔቱ ከለከለው። ሴናተሩ ሉኩሉስ የቂም ነገር ነበረበት፤ ሌላው ሴናተር ካቶ አንድ ሰው ከመጠን በላይ እንዳይገን ሠጋ። ሁለት ዓመት ያህል አጓተቱት። ካቶን ሰዎች ሁሉ የሪፐብሊኩ ሰማዕት ያደርጉታል፤ ንጹሕ ሰው እንደነበረ አልክድም። ነገር ግን በዚያ ሁለት ዓመት የሠራው ሥራ ከቄሣር ሌጌዎኖች ያላነሰ ሪፐብሊኩን ጎድቷል። ሠራዊቱን የበተነ አዛዥ ባዶ እጁን ቀረ። ከእርሱ በኋላ የመጣ ሁሉ ሠራዊት መበተን ምን እንደሚያስከትል አየ።

ፖምፔ ከቄሣርና ከባለጸጋው ክራሱስ ጋር የተስማማው ከዚህ የተነሣ ነው። በ59 ቄሣር ቆንሱል ሆኖ የመሬቱን ሕግ ወደ ሴኔቱ አቀረበው። ካቶ ቀኑ እስኪመሽ እየተናገረ ጊዜውን ሊፈጅ ሲነሣ ቄሣር ወደ እስር ቤት ውሰዱት አለ። ሴናተሮች ተነሥተው ካቶን ተከተሉ። አንዱም፣ ከቄሣር ጋር እዚህ ከምቀመጥ ከካቶ ጋር ብታሰር ይሻለኛል ብሎ መለሰለት። ቄሣር ሴኔቱን ትቶ ወደ ሕዝቡ ጉባኤ ሄደ። ባልደረባው ቢቡለስ ሊያግድ አደባባይ ሲወጣ የፖምፔ ሰዎች የክብር በትሮቹን ሰበሩ፣ አንድ ቅርጫት ፍግም በራሱ ላይ ደፉበት። ቢቡለስ የቀረውን ዓመት ቤቱን ዘግቶ ተቀመጠ። የፖምፔ ወታደሮች መሬት አገኙ። የሁለቱ ቆንሱሎች ሥርዓት በዚያ አደባባይ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ እንደተዋረደ እቆጥረዋለሁ።

ከዚያ ቄሣር ወደ ጎል፣ ወደ ዛሬዋ ፈረንሳይ፣ ሄደና ወደ ዘጠኝ ዓመት በሚጠጋ ጦርነት ሀብትና የሚወደው ሠራዊት አፈራ። በ53 ክራሱስ በካሬ ከፓርቶች ጋር ሲዋጋ ሞተ። ቄሣርና ፖምፔ ፊት ለፊት ቀሩ። ጥያቄው ቄሣር አዛዥነቱን ትቶ ሲገባ ጠላቶቹ ፍርድ ቤት ያቆሙታል ወይስ በቀጥታ ለሁለተኛ ጊዜ ቆንሱል ይሆናል የሚል ነበር።

በታኅሣሥ 50 መጀመሪያ ላይ ኩሪዮ የሚባለው ትሪቡን ለሴኔቱ ቀላል ሐሳብ አቀረበ፦ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ጦራቸውን ይፍቱ። ድምፁ ተቆጠረ። የደገፉ 370፣ የተቃወሙ 22። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች በእጅጉ አስባቸዋለሁ። ጦርነት ማንም አልፈለገም ማለት ይቻላል። ሕዝቡ ኩሪዮን አበባ እየበተነ ሸኘው። ቆንሱሉ ማርሴለስ ግን፣ እንግዲህ ቄሣርን ጌታ አድርጋችሁ ኑሩ ብሎ ስብሰባውን በትኖ ወጣ፤ ከዚያም ያለ ሴኔቱ ውሳኔ ወደ ፖምፔ ሄዶ ሰይፍ አስጨበጠውና አገርህን ጠብቅ አለው። ሥርዓቱ 370 ሰዎች የወሰኑትን የሚያስፈጽምበት እጅ አልነበረውም። ጦር ያለው ብቻ ነበር የሚያስፈጽም። በጥር 49 ቄሣር አንድ ሌጌዎን ይዞ የኢጣልያ ወሰን የሆነውን የሩቢኮንን ወንዝ ተሻገረ።

የሚቀጥሉትን ዓመታት በአጭሩ እለፋቸው። ፖምፔ በ48 በፋርሳለስ ተሸነፈ፤ ወደ ግብፅ ሸሽቶ ከጀልባ ሲወርድ ተገደለ። ካቶ በ46 በዩቲካ ራሱን ገደለ። ቄሣር በየካቲት 44 የዕድሜ ልክ ዲክታተር ተባለ፤ በመጋቢት 15 ቀን በሴኔቱ ስብሰባ 23 ጊዜ ተወግቶ ሞተ። ገዳዮቹ ገዥው ከሞተ ሪፐብሊኩ በራሱ ይነሣል ብለው ነበር። አደባባይ ወጥተው ነፃነትን ሲያውጁ ከተማው በቄሣር የተሰናበቱ፣ የተሰጣቸው መሬት ይነጠቅብናል ብለው በሚሠጉ ወታደሮች ተሞልቶ ነበር። ለእነዚህ ሰዎች የሚሉት ነገር አልነበራቸውም።

የሚለው ያለው የ18 ዓመት ልጅ ነበር። ኦክታቪያን የቄሣር እኅት የልጅ ልጅ ነው፤ በኑዛዜው ልጅ አድርጎታል። ሹመት የለውም፣ ጦርነት አያውቅም። ከቄሣር የድሮ ወታደሮች ዘንድ ሄዶ ለያንዳንዱ 500 ዲናር አቀረበ። የአንድ ወታደር የዓመት ደመወዝ 225 ዲናር ነው። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የግል ሠራዊት አቆመ። በ43 ክረምት ስምንት ሌጌዎን ይዞ ሮም ገባና በ19 ዓመቱ ቆንሱል ሆነ። በኅዳር ከቄሣር አዛዦች ከማርክ አንቶኒና ከሌፒደስ ጋር ተስማምቶ የሱላን የሞት ዝርዝር መለሰው። ሲሴሮ በታኅሣሥ 7 ተገደለ፤ ራሱና እጁ ንግግር ያደርግበት በነበረው መድረክ ላይ ተሰቀለ። ስለ አውግስጦስ ሰላም ስንናገር ይህን መሸፈን አይገባም። ሲሴሮ ልጁን ያመነው፣ በሴኔቱ ፊት የደገፈው ሰው ነበር።

በ42 ብሩቱስና ካሲየስ በፊልጵስዩስ ወደቁ። አሸናፊዎቹ ለወታደሮቻቸው ተስፋ የሰጡት የ18 የኢጣልያ ከተሞችን መሬት ነበር። አካፋዩ ኦክታቪያን ነው። ገበሬዎች በ41 ምንም ሳያጠፉ ከአያት ቅድመ አያት ርስታቸው እየተነቀሉ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ሮም ጎረፉ፤ በየቤተ መቅደሱ እያለቀሱ ምን በደልን አሉ። አንድ ድሃ መሬት እንዲያገኝ ሌላው ድሃ ተነቀለ። ጢባርዮስ ግራኩስ ከሀብታሞች ትርፍ ይወሰድ ብሎ ሞተ፤ ከዘጠና ዓመት በኋላ ከትንሹ ገበሬ ጭምር ተወሰደ።

ኋላ ከኦክታቪያን ጋር የተጣሉት ማርክ አንቶኒና የግብፅ ንግሥት ክሊዮፓትራ በ31 መስከረም በአክቲዩም ተሸነፉ፤ በ30 ነሐሴ እስክንድርያ ተያዘች። የግብፅ ሀብት ሮም ሲገባ የብድር ወለድ ከመቶ 12 ወደ 4 እንደወረደ ታሪክ ጸሐፊው ካሲየስ ዲዮ ጽፏል። ኦክታቪያን ያን ሀብት ያዋለበትን እንመልከት። ለወታደሮቹ በኢጣልያ መሬት ገዛ፤ እንዲሁ ወስዶ ሳይሆን ዋጋ ከፍሎ። በዚህ ላይ ያወጣው ባጠቃላይ 150 ሚሊዮን ዲናር ነው። ለተወሰደው መሬት ዋጋ መከፈሉ ትልቅ እፎይታ ነበር።

በ28 የተመታ አንድ የወርቅ ሳንቲም እስከ ዛሬ አለ፤ በብሪትሽ ሙዚየም ይገኛል። በአንዱ ፊት የኦክታቪያን ራስ በሎሬል ዘውድ፤ በሌላው እርሱ ራሱ በቆንሱል ወንበር ተቀምጦ ጥቅል ጽሕፈት ዘርግቷል፤ ከእግሩ አጠገብ የሰነድ መያዣ ሣጥን አለ። ዙሪያውን የተቀረጸው ጽሑፍ ለሮም ሕዝብ ሕጉንና መብቱን መለሰ ይላል። መልእክቱን ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። ሕጉ የተመለሰ ነው ማለት ተወስዶ ነበር ማለት ነው፤ መላሹ አንድ ሰው ከሆነ ደግሞ ሊወስደውም ይችላል።

በ27 ዓመት ጥር ወር ሴኔቱ ፊት ቆሞ ሥልጣኔን ሁሉ መለስኩ አለ። ሴናተሮቹ እንዳትተወን ብለው ለመኑት። እሺ ብሎ እስፔንን፣ ጎልንና ሶርያን ለአሥር ዓመት ተቀበለ፤ ግብፅም በእጁ ነበረች። ሰላም ያላቸውን ክፍለ ሀገሮች ለሴኔቱ ተወ። ከሌጌዎኖቹ አብዛኛው የሰፈረው እርሱ በተቀበላቸው ውስጥ ነው። ከሦስት ቀን በኋላ አውግስጦስ የሚል ስም ተሰጠው። በ23 ደግሞ በየዓመቱ ይይዘው የነበረውን ቆንሱልነት ተወ፤ በምትኩ ትሪቡን ሳይሆን የትሪቡን ሥልጣን፣ ገዥ ሆኖ ሳይላክ ከገዥዎች ሁሉ በላይ የሆነ ሥልጣን ተቀበለ። የሥራው ብልሃት ይህ ነው። ጥንት እያንዳንዱ ሥልጣን ከነልጓሙ ነበር። የትሪቡን «ይቁም» ባልደረቦች ነበሩት፣ ዓመት ነበረው፣ ከከተማው ክልል አይወጣም። የቆንሱል ትእዛዝ እኩያ ነበረው። አውግስጦስ ሥልጣኑን ከሹመቱ ነጥሎ ወሰደ፤ ሹመቱን ከነልጓሙ ለሌሎች ተወ። ስለዚህ ቆንሱሎችና ትሪቡኖች መመረጣቸውን ቀጠሉ፤ ማንም ምንም እንደጎደለ በጣቱ መጠቆም አልቻለም።

እኔ ግን ከዚህ ሁሉ በላይ ወሳኝ የምለው ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ6 ዓመተ ምሕረት የሆነውን ነው። አውግስጦስ ለወታደሮች ጡረታ ብቻ የሚሆን ግምጃ ቤት አቋቋመ። መነሻውን 42 ሚሊዮን ተኩል ዲናር ከራሱ አስገባ፤ ለዘለቄታው በውርስ ላይ ከመቶ 5፣ በጨረታ ሽያጭ ላይ ከመቶ 1 ግብር ጣለ። አንድ ሌጌዎናዊ 20 ዓመት አገልግሎ 3,000 ዲናር ይዞ ይሰናበታል። ሀብታሞቹ ስለ ውርስ ግብሩ ክፉኛ አጉረመረሙ። ሌላ መንገድ ካላችሁ አምጡ አላቸው፤ አላመጡም። ጢባርዮስ ግራኩስ ከሞተ ከ138 ዓመት በኋላ ጥያቄው ተመለሰ። ሴኔቱ በ133፣ ወይም ፖምፔ ሲመለስ በ62፣ ይህን የመሰለ ነገር ቢያደርግ ኖሮ ወታደሩ ታማኝነቱን ለሪፐብሊኩ ይሰጥ ነበር ብዬ አምናለሁ። አሁን ግን መሐላውን የሚቀበለው፣ ደመወዙን የሚከፍለው፣ ጡረታውን የሚያረጋግጥለት አንድ ሰው ነው። በ14 ዓመተ ምሕረት ነሐሴ 19 በኖላ ሲሞት፣ ከአክቲዩም ጦርነት በኋላ የተወለደው ሁሉ ሌላ አገዛዝ አያውቅም ነበር።

ወታደሩ የአንድ ሰው መሆኑ የተረጋገጠው በ41 ዓመተ ምሕረት ጥር ወር ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ካሊጉላ በገዛ ክቡር ዘበኞቹ መኮንን በኬሬያ እጅ ተገደለና ወራሽ አልተሰየመም። ሴኔቱ ከካፒቶል ኮረብታ ላይ ተሰበሰበ፤ የተለመደው አዳራሽ የቄሣሮችን ቤተሰብ ስም የያዘ ነውና አልፈለጉትም። ቆንሱሉ የሪፐብሊኩን መመለስ በንግግሩ አወደሰ። ማታ ኬሬያ የሌሊቱን የይለፍ ቃል ሲጠይቅ ቆንሱሎቹ «ነፃነት» ብለው ሰጡት። በዚያው ሰዓት ክቡር ዘበኞቹ የካሊጉላን አጎት ቀላውዴዎስን ቤተ መንግሥት ውስጥ ከተደበቀበት መጋረጃ ጀርባ አውጥተው ወደ ጦር ሰፈራቸው ወስደውት ነበር። ለያንዳንዳቸው 3,750 ዲናር ቃል ገባላቸው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 12 የምናውቀው ሄሮድስ አግሪጳ ከሰፈሩ ወደ ሴኔቱ፣ ከሴኔቱ ወደ ሰፈሩ እየተመላለሰ አስታረቀ። ሌሊቱን ሴኔቱ እንደገና ሲጠራ የመጣው መቶ የሚያህል ሰው ብቻ ነው፤ ሌላው ቤቱ ተሸሸገ ወይም ከተማውን ለቅቆ ወጣ። ሲነጋ ከሴኔቱ ጎን የቆሙት ወታደሮች አንድ ገዥ እንፈልጋለን ብለው ጮኹ። ኬሬያ ሊያስቆማቸው ሞከረ። ሰይፋቸውን መዝዘው፣ ዓርማቸውን አንሥተው፣ ከወንድሞቻችን ጋር አንዋጋም ብለው ወደ ቀላውዴዎስ ሄዱ። ሴናተሮቹም እየተቻኮሉ ተከተሏቸው፤ አውግስጦስ በዕድሜ ዘመኑ አንድ በአንድ የሰበሰበውን ሥልጣን ሁሉ ለቀላውዴዎስ በድምፅ አጸደቁለት።